ለጀርመን የወጣ እጅ

ዛሬ ሲቀላ ሰፈር ያለው ኳስ ማሳያ ቤት ስገባ ያረጀው ባለቤት ሪሞቱን መዳፉ ላይ ቸብ ቸብ እያደረገ ነበር። ድምፁ የሰባት ዓመት ልጅ አደረገኝ።

አባዬ ከደሴ የመጣ አስተማሪ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚሁ ይዞኝ ይመጣል። ባለቤቱ እጅ እያስወጣ ይቆጥርና ብዙ ደጋፊ ያለውን ጨዋታ ይከፍታል። "የጀርመን?" ሲል እጃችንን የምናወጣው እኔና አባዬ ብቻ ነን። ሰው ይስቃል፤ የእንግሊዙ ይከፈታል።

"እኛስ ለምን የእንግሊዝ አንደግፍም?" አልኩት አንድ ቀን።

"እነሱ ጋ ብንቀር ማንም አያውቅም። እዚህ ግን አንቺ ከቀረሽ ግማሹ ደጋፊ ጎደለ ማለት ነው።"

ያኔ አልገባኝም። አባዬን ከቀበርን ገና ዓመት አልሞላም።

"የጀርመን?" አለ ባለቤቱ።

ሁለቱንም እጆቼን አወጣሁ።