ደቻቱ ሙሽራዬን ያቆየበት ቀን

ይህ የሆነው የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በሠርጌ ቀን ነው። ሰው ስለ ሠርጉ ሲጠየቅ ስለ ቬሎው፣ ስለ ኬኩ፣ ስለ ፎቶው ያወራል። እኔ ልቤ ውስጥ የቀረው ግን ሙሽራዬን ስጠብቅ ያሳለፍኩት ሰዓት ነው።

አባቴ የውሃ መሐንዲስ ነበር። ዕድሜውን የጨረሰው በድሬዳዋና በዙሪያዋ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ጉድጓድ ሲያስቆፍርና ፓምፕ ሲያስተክል ነው። ደግ ሰው ነበር፤ ዝምታው ግን ለጉድ ነው። የድሬ ሰው ደግሞ ማታ ማታ ደጅ ወጥቶ ካልተጫወተ የዋለ አይመስለውም። አባቴ ጎረቤት ሰላም ሲለው ፈገግ ብሎ ጭንቅላቱን ነቅነቅ አድርጎ ያልፋል። ለእኛ ለልጆቹም ቢሆን ቁጣም ምክርም አያበዛም። ትምህርት ቤት ሲያደርሰኝ የቦርሳዬን ማንገቻ ያስተካክልልኝና ዝም ብሎ ይመለሳል።

ከሠርጌ በፊት በነበረው ዓመት በድንገት አረፈ። እናቴን ከዚያ ወዲህ እስከ ሠርጌ ቀን ከልቧ ስትስቅ አላየኋትም ነበር። ከሞቱ ይልቅ የሚያንገበግባት ሌላ ነገር ነበር። አንድ ቀን ልብስ ስናጥፍ፣ “ይህን ሁሉ ዘመን አብሬው ኖሬ፣ ደስ ብሎት ይኑር አይኑር ሳላውቅ ሄደብኝ” አለችኝ። እኔም አላውቅም ነበር።

የሠርጉ ዕለት ጠዋት ከዚራ ሰፈር ያለው ግቢያችን ድንኳን ተጥሎበት፣ እንግዳው ሞልቶ፣ እኔም ለብሼ ጨርሼ ሙሽራውን እንጠብቃለን። የእነሱ ቤት ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ነው። ሰዓቱ አለፈ። ከዚያ ሚዜው ደወለ። ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ ሌሊት ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ ደቻቱን ሞልቶት መጥቷል። ፖሊሶች ድልድዩን ዘግተዋል፤ ጎርፉ ካልቀነሰ ማንም አያልፍም ተብሏል።

ድሬ ለኖረ ሰው የደቻቱ መሙላት ቀልድ አይደለም። አንዳንዱ ሠርጉ ለሌላ ቀን ይዛወር ማለት ጀመረ። እናቴ ጓዳ ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ተከትያት ስገባ፣ አባትሽ የሌለበት ሠርግ ድሮም አላማረኝም ብላ አለቀሰች። ሜካፔ እንዳይበላሽ ጣሪያ ጣሪያውን እያየሁ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ያወጣን አጎቴ መኮንን ነው፤ የእናቴ ታላቅ ወንድም። እጇን ይዞ ድንኳኑ መሃል አምጥቶ አስቀመጣትና፣ ጎርፉ እስኪያልፍ ስለ ሙሽሪት አባት እንጫወት አለ።

ራሱ ጀመረ። አባቴ ወጣት መሐንዲስ ሳለ የአያቴ ቤት ቧንቧ ተበላሽቶ ሊያየው ይመጣል። ይጠግነዋል። በሳምንቱ እንደገና ይመጣል፤ ቧንቧውን ከፍቶ፣ ዘግቶ፣ ይሄዳል። ደግሞ ይመጣል። አያቴ፣ የእናቴ አባት፣ የባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ ነገር አይጠፋቸውም። አንድ ቀን በር ላይ ጠበቁትና፣ “ልጄ፣ የሚያመላልስህ ቧንቧው ነው ወይስ ሌላ ነገር አለ?” አሉት። አባቴ ረጅም ጊዜ መሬት መሬት ሲያይ ቆየና፣ “ቧንቧውስ ድኗል” አላቸው።

ድንኳኑ በሳቅ ፈነዳ። እናቴ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ ይህን ታሪክ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ቀጥሎ አብዲ ተነሣ። አብዲ ለዓመታት የአባቴ ሾፌር ነበር፤ ከድሬ ልጆች ሁሉ ወሬኛው እሱ ነው። አንድ ቀን፣ ዛሬስ እሱ ካልተናገረ እኔም አልናገርም ብሎ ለራሱ ይምላል። ጠዋት ከቢሮ ተነሥተው ከከተማው ወጣ ብላ ያለችው መልካ ጀብዱ ደረሱ፣ ሥራቸውን ሠሩ፣ ምሳ በሉ፣ ተመለሱ። አንድም ቃል የለም። አብዲ ሊፈነዳ ደርሷል። ማታ ቤት ሲያደርሰው አባቴ ከመኪናው ወረደ፣ በሩን ዘጋ፣ ከዚያ በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ፣ “አብዲ፣ ዛሬ በጣም ጥሩ ተጫወትን” አለው።

“አቦ፣ የምሩን እኮ ነው!” አለ አብዲ፣ እንባው እስኪወርድ እየሳቀ።

አብዲ ከመልካ ጀብዱ ያመጣቸው አንዲት ሴት ነበሩ፤ አዴ ፋጡማ ይባላሉ፣ እማማ እንደ ማለት ነው። እስከዚያ ድረስ ዳር ተቀምጠው ያዳምጡ ነበር። ኦሮምኛና አማርኛ እየቀላቀሉ፣ አብዲም የጎደለውን እየሞላላቸው ተናገሩ። እነሱ መንደር ጉድጓድ ተቆፍሮ ውሃው እንቢ ያለበት ጊዜ ነበር። ሰዉ ተስፋ ቆርጦ ወደ ድሮው ኩሬ ሲመለስ፣ አባቴ ግን ሌላ ቦታ መርጦ እንደገና አስቆፈረ። ውሃው ወጣ። ሴቶቹ እልል አሉ፣ ሽማግሌዎቹ መረቁ። የሚመረቀው ሰውዬ ግን የለም። አዴ ፋጡማ ሊፈልጉት ወደ ውሃ ማጠራቀሚያው ጀርባ ዞሩ።

“ወላሂ፣ ብቻውን ይጨፍራል” አሉ።

ማንም አላመናቸውም። እናቴ፣ በሠርጋችን ቀን እንኳ እየተጎተተ ወንበሩን አለቀቀም፣ ሌላ ሰው አይተው ይሆናል አለቻቸው። አዴ ፋጡማ መሐላ አልጨመሩም። ተነሡና አሳዩን። እጁን ኪሱ እንደከተተ ሰው ሁለት እጃቸውን ከጎናቸው አጣበቁ፤ ከዚያ ትከሻቸውን ቀስ ብለው ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ፤ አንገታቸውን ወደ አንድ ወገን ዘንበል።

እናቴ ጮክ ብላ ሳቀች። አንገቱ! አለች። ሲላጭ መስታወት ፊት እንደዚያ እንደሚያደርግ ማንም ሊነግራቸው አይችልም፤ እሳቸው ያዩት በእርግጥ እሱን ነው። እየሳቀች አለቀሰች፤ ያ ልቅሶ ግን የጓዳው ዓይነት አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ድንኳኑን የሚያቆመው ጠፋ። አብዲ ተነሥቶ ተከተላቸው፣ አጎቴ ተነሣ፣ የጎረቤት ሴቶች ተነሡ። እኔም ቬሎዬን ሰብስቤ ገባሁ። ሙዚቃ የለም፤ በጭብጨባ ብቻ፣ እጅ ከጎን፣ አንገት ዘንበል፣ ትከሻ ከፍ ዝቅ።

ጎርፉ ጋብ ብሎ ድልድዩ ሲከፈት ሙሽራዬ ሱሪው በጭቃ ተለውሶ ደረሰ። እያለቀስኩ የሚያገኘኝ መስሎት መንገዱን ሙሉ የማጽናኛ ቃል ሲያዘጋጅ ነበር አሉ። በሩ ላይ ቆሞ አየንና ሚዜውን፣ “ቤት ተሳስተን ይሆን?” አለው።

ሠርጉ ካለፈ ከወር በኋላ እናቴ መልካ ጀብዱ ውሰዱኝ አለች። አብዲ ነዳልን። አዴ ፋጡማ ወደ ማጠራቀሚያው ጀርባ ወሰዱንና ቦታውን አሳዩን። በማጠራቀሚያውና በአጥሩ ግንብ መካከል ያለች፣ አንድ ሰው ብቻ የምታስቆም ክፍተት ናት። እናቴ ነጠላዋን ሰብስባ ገባችና ትንሽ ቆየች። እኛን እያየች አልነበረም።

“ጠባብ ነው” አለች ስትወጣ፣ “ግን ለትከሻው ይበቃል።”

ዛሬ አባቴን ሳስብ ዝምታው አይደለም ቀድሞ የሚመጣብኝ። ማንም በማያየው ቦታ ውሃ ስለወጣ ብቻ ትከሻውን የሚሰብቅ ሰው ነው። እናቴም ከዚያ ወዲህ፣ ደስ ብሎት ይኑር አይኑር የሚለውን ጥያቄ አንሥታ አታውቅም።