አባቴ መላጊያውን ያስቀመጠበት ቀን

ክፍሉ ቀድሞ የዘይት መጭመቂያ መጋዘን ነበር። ከባለቤቱ ተወርሶ ቀበሌው እስር ቤት አድርጎታል። ስገባ መጀመሪያ የተቀበለኝ የኑግ ሽታ ነው። ግድግዳውም ወለሉም ይሸታል፤ ከሳምንት በኋላ የእኔም ፀጉር ይሸት ጀመር። ዘጠኝ ሴቶች ነበርን። መስኮት የለውም። የቆርቆሮው በር ከታች በኩል ተገንጥሎ ስለነበር ጋደም ስንል የጠባቂዎቹን ጫማ እናያለን።

የታሰርኩት በእጅ ጽሑፌ ነው። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ አምቦ ቤት ተከራይቼ አሥራ አንደኛ ክፍል እማር ነበር። አንዲት የክፍሌ ልጅ ገልብጪልኝ ብላ የሰጠችኝን በድብቅ የሚበተን ወረቀት ገለበጥኩላት። ምን እንደሚል አላውቅም ነበር ብል ውሸት ይሆንብኛል። አንብቤዋለሁ፤ እንዲያውም ሁለት ቦታ ላይ ሐሳቡ ተንጠልጥሎ ስላየሁት አስተካክዬዋለሁ። መርማሪው ወረቀቱንና የታሪክ ደብተሬን ጎን ለጎን ዘረጋና «ጽሑፍሽ ያምራል» አለኝ። ከዚያ በላይ የጠየቀኝ ነገር ትንሽ ነው።

ያን የእጅ ጽሑፍ የሰጠኝ አባቴ ነበር። እሱ ፊደል አልቆጠረም። የጉደር አናጢ፣ የጸሎት ቤታችንም ሽማግሌ ነበር። እናቴ ከሞተች ወዲህ ቤቱን የያዝኩት እኔ ስለነበርኩ ትምህርት ቤት የማየት ተስፋ አልነበረኝም። አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላኝ አንድ ቀን «እኔ የሚያነብልኝ ሰው እፈልጋለሁ፤ ወጡን እኔም እሠራዋለሁ» አለና እጄን ይዞ ወስዶ አንደኛ ክፍል አስገባኝ። ከሕፃናት ጋር ተቀመጥኩ። ጉልበቴ ከዴስኩ ሥር አልገባ አለ። በማግስቱ አባቴ መሣሪያውን ይዞ መጣና አንዱን ዴስክ ብቻ ከፍ አደረገው። ልጆቹ ሳቁ። እኔም በእሱ አፈርኩ። በአባቴ ማፈር የጀመርኩት ያን ቀን ሳይሆን አይቀርም።

ከትምህርት ስመለስ መጽሐፍ ቅዱስ አነብለታለሁ። አባቴ እየሠራ አይሰማም። ማንበብ ስጀምር መላጊያውን ያስቀምጣል፣ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ ያደርጋል። ስጨርስ ባርኔጣውን አድርጎ ወደ እንጨቱ ይመለሳል። ያነበብኩት መዝሙር ሁለት መስመር ቢሆንም እንደዚያው ነው። የከተማው ሰው ሲሞት፣ ኦርቶዶክስ ይሁን የእኛ ቤት ሰው ሳይለይ፣ ሣጥኑን የሚሠራው እሱ ነበር። የሣጥኑን ውስጥ እንደ ውጪው ይልጋል። ማን ሊያየው ነው ሲሉት ይስቃል እንጂ አይመልስም።

ከታሰርኩ በኋላ በየሁለት ቀኑ ከጉደር አምቦ ድረስ በእግሩ እየመጣ በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ ያመጣልኝ ነበር። ጠባቂው በእንጨት ቆፍሮ ካየው በኋላ ያስገባልኛል። ለዘጠኝ እንካፈለዋለን። ጭኮውን ከሁላችንም አብልጠው የሚወዱት ከወንጪ የመጡ አንዲት የቅቤ ነጋዴ ነበሩ። ልጃቸው ስለጠፋ በእሱ ፈንታ ታስረው ነው። እንደ አገሩ ወግ «አዴ» እንላቸዋለን። «ገብሱን የቆላው ሰው አልቸኮለም» ይሉ ነበር። የሚቆላው አባቴ ነው።

ለመለቀቅ ግለ ሂስ ጽፎ ቅዳሜ በግቢው ስብሰባ ላይ ማንበብ ግዴታ ነበር። እኔ የጻፍኩትን ካድሬው በሁለት ጣቱ ይዞ መለሰልኝ። ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው።

«ይሄ ሥር የለውም» አለኝ። «ያሳደገሽ ማነው? ምን እያበላ፣ ምን እያስተማረ ነው ያሳደገሽ? እሱን ጻፊ።»

ከጻፍኩ በሳምንቱ እንደምወጣ፣ ካልጻፍኩ ወደ ትልቁ ወህኒ ቤት እንደምዛወር ነገረኝ። ወደዚያ ከተዛወሩት የሁለቱ ቤተሰቦች እኛ ዘንድ ድረስ መጥተው፣ የት እንዳሉ የሚነግራቸው አጥተው፣ ስንቃቸውን እንደያዙ ሲመለሱ በበሩ ቀዳዳ አይተናል። ጫማቸውን ብቻ ነው ያየነው።

ጻፍኩ። ሁለት ገጽ ሞላሁ። አባቴ ለባዕድ ሃይማኖት ያደረ፣ ሠርቶ አዳሪውን በጸሎት ያደነዘዘ፣ እኔንም ለዚያው አገልግሎት ሲል ብቻ ትምህርት ቤት የላከኝ ሰው መሆኑን ጻፍኩ። ከእሱ ጋር ያለኝን ማንኛውንም ግንኙነት ማቋረጤን ጻፍኩ። ማንም ቃል አላቀበለኝም። «ለዚያው አገልግሎት ሲል ብቻ» የሚለውን ሦስት ጊዜ ሰርዤ ነው ያገኘሁት፤ ሳገኘውም ደስ ብሎኛል።

አዴ አንብቢልኝ አሉኝ። አነበብኩላቸው።

«ይሄ ሰውዬ ጭኮ የሚያመጣው ነው?»

«አዎ» አልኳቸው።

ያን ቀን ድርሻቸውን ለሌሎቹ አካፈሉ። እኔ ድርሻዬን በላሁ።

ሐሙስ ዕለት የቆርቆሮው በር ጨርሶ ወደቀ። የቀበሌው ሊቀመንበር ከበር ላይ የማይጠፉት ሽማግሌ አናጢ ናቸው ሲባል ሰማና እሳቸው ይሥሩት አለ። ይህን የነገረን ጠባቂው ነው፤ እየሳቀ፣ «ኦቦ እሺ አሉ፣ ልጃቸውን ሊቆልፉባት» አለን። ስለዚህ ቅዳሜ አባቴ ግቢው ውስጥ እንደሚሆን ከሐሙስ ጀምሮ አውቅ ነበር። ወረቀቱን ለመቅደድ ሁለት ቀን ነበረኝ።

ቅዳሜ ጠዋት አውጥተው ከስብሰባው ፊት አቆሙኝ። ሰዉ የተቀመጠበት አግዳሚ ከተዘጋው ጸሎት ቤታችን የመጣ ነው፤ ሠሪው አባቴ። እሱ ራሱ ከባሕር ዛፉ ሥር ለአዲሱ በር የሚሆነውን የዋንዛ ሳንቃ ይልጋል። ካድሬው አያውቀውም። ጀምሪ አለኝ።

ርእሱን እንዳነበብኩ የመላጊያው ድምፅ ቆመ።

ቀና ብዬ አየሁት። መላጊያውን ሳንቃው ላይ አስቀምጧል። ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አድርጓል። እንደ ቤታችን አንገቱን ደፍቶ ይሰማ ነበር።

አነበብኩት። ሳልንተባተብ፣ ነጥብ ባለበት ሁሉ እየቆምኩ፣ መዝሙር እንደማነብለት አነበብኩት። ሌላ አነባበብ አላውቅም ነበር። ሁለቱንም ገጽ ጨረስኩ። አባቴ ባርኔጣውን አደረገና መላጊያውን አነሳ።

«ጥሩ ነው» አለ ካድሬው። «ይህ ሰው አሁን የት ነው የሚገኘው?»

«ጉደር» አልኩ።

ለብዙ ዓመታት ያን ቃል የተናገርኩት እሱን ከመያዝ ለማዳን ነው ስል ኖሬያለሁ። አንድ ሁለት ሰውም አምኖኛል። ግን እሱን ለማዳን ለማሰብ ጊዜ አልነበረኝም። «ያውና» ለማለት ስላፈርኩ ነው።

ከሰዓት በኋላ በሩን ሊገጥም መጣ። ወደ እኛ የሚዞረውን ገጽ እንደገና በብርጭቆ ወረቀት ማሸት ሲጀምር ጠባቂው ሰለቸው።

«ኦቦ፣ የውስጡን ማን ያየዋል? ይግጠሙትና እንገላገል።»

«ውስጥ ያሉት ያዩታል» አለ አባቴ።

ከመቃኑ ላይ ሰቀለው። በሩ በደንብ መግጠሙን ለማየት ከውስጥ የሚገፋ ሰው ያስፈልጋል። ከእስረኞች ጋር መነጋገር ክልክል ነው። ሁላችንም ቆመናል፤ ማንኛዋንም መጥራት ይችል ነበር። አዴ ለበሩ ከሁላችን ይቀርቡ ነበር። አባቴ ጠባቂውን አየት አደረገና ሰው ሁሉ እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ በኦሮምኛ፣ «ኢንተላ ኮ» አለ። ልጄ ማለት ነው። ቀጥሎ በአማርኛ፣ «ነይ ግፊው፤ ቀስ ብለሽ» አለኝ።

ጠባቂው ፊቱን ወደ ባሕር ዛፉ አዞረ።

መዳፌን ሳንቃው ላይ አድርጌ ገፋሁ። እንጨቱ ገና ይሞቅ ነበር። አባቴ ከወዲያ ማዶ በትንሹ ተቃወመኝ፤ ከዚያ ለቀቀው። በሩ ያለ ድምፅ ገጠመ።

«ያዘ?» አለኝ ከውጪ።

«ይዟል፣ አባ» አልኩት።

በሳምንቱ ተለቀቅሁ። ቤት ስገባ ስለ ወረቀቱ አንድ ቃል አልተናገረም። በሦስተኛው ቀን መጽሐፉን አምጪ አለኝ። ከዚያ በኋላ እስኪያርፍ ድረስ አነብለት ነበር፤ ባርኔጣውን ባወለቀ ቁጥር ወደ ገጹ እመለከታለሁ እንጂ ወደ እሱ አላይም። ይቅርታ አልጠየቅኩትም። ነገ እላለሁ፤ ነገ ሲመጣ ደግሞ ሰላሙን ላለማደፍረስ ነው እላለሁ።

ሲያርፍ የሕይወት ታሪኩን ጽፌ መቃብሩ ላይ እንዳነብ ሽማግሌዎቹ ጠየቁኝ። የአባቴን ሕይወት ስጽፍ ሁለተኛዬ መሆኑን የሚያውቅ ከመካከላቸው አልነበረም። ስለ እምነቱ፣ ስለ ዴስኩ፣ ስለ ሣጥኖቹ ጻፍኩ። በመጨረሻ ስለዚያ ቅዳሜ ሦስት መስመር ጨመርኩ። አንደኛው ሽማግሌ ካነበበው በኋላ ጣቱን ሦስቱ መስመሮች ላይ አድርጎ፣ «እህቴ፣ እውነት ነው፤ ለዛሬ ግን አይሆንም» አለኝ። ሰረዝኩት። መሰረዙ ቀሎኝ እንደነበር እዚህ ላይ መጻፍ አለብኝ።

መቃብሩ ዳር ቆሜ ርእሱን አነበብኩና ቀና ስል ወንዶቹ ሁሉ ባርኔጣቸውን አውልቀው ይዘውታል። ንባቡን አቋረጥኩ። ረጅም ጊዜ ቆምኩ መሰለኝ፣ አንዲት ሴት መጥታ ትከሻዬን ያዘችኝና አልቅሺ፣ ይውጣልሽ አለችኝ። አላለቀስኩም። የመላጊያው ድምፅ እስኪመለስ ነበር የምጠብቀው።