ሰሜን በጓድ ምትኩ ወገብ ላይ

ማክሰኞ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል፣ ጎንደር

ይህን ጉዞ ያደረግሁት በደርግ ዘመን፣ በአንድ የሰኔ ወር ነው። ማስታወሻውን በዚያው ሳምንት በተማሪ ደብተር ላይ ጽፌ ደብተሩን ጎታ ውስጥ፣ ከገብስ ሥር ቀበርኩት። ዛሬ የሚያስደብቅ ምክንያት ስለሌለ አውጥቼዋለሁ። የሰዎቹን ስም ቀይሬያለሁ። የበቅሎዋን አልቀየርኩም።

ገና ሳይነጋ ላንድሮቨሩ ደጄ ላይ ቆመ። ሾፌሩ ጋሽ ደምሴ መስተዋቱን በአሮጌ ጋዜጣ ይወለውላል። መሐል ወንበር ላይ ጓድ ምትኩ ተቀምጧል፤ ቀኝ ወገቡ ላይ ሽጉጥ፣ ደረት ኪሱ ውስጥ ሦስት እስክሪብቶ። እኔ በመስኮቱ በኩል ተቀመጥኩና በሰም የታሸገውን የሸራ ከረጢት ጭኔ ላይ አደረግሁት። ውስጡ ያለው የስምንተኛ ክፍል ፈተና ነው፤ አስታ ሜዳ በሚባል የደጋ መንደር ሠላሳ ስምንት ልጆች ይጠብቁታል። ነገ ጧት 2 ሰዓት ካልተከፈተ ልጆቹ ዓመት ይደግማሉ። የተረከብኩት እኔ ነኝ። ቢዘገይ እኔ ምን እንደምሆን የነገረኝ የለም፤ በዚያ ዘመን ደግሞ የሚያስፈራው አለመነገሩ ነበር።

የባዮሎጂ መምህርት ነበርኩ። በዓመቱ መጀመሪያ፣ ስለ ጆሮ ሳስተምር፣ በቅሎ ማንም ሳይመራት ቤቷን ታገኛለች ብዬ ተናገርኩ። ነገሩ የትምህርት ቤቱ የውይይት ክበብ ሊቀመንበር ዘንድ ደረሰ። ሊቀመንበሩ ጓድ ምትኩ ነው። በስብሰባ ተነሥቶ፣ ያለ መሪ ቤት ይገኛል ማለት ምን ለማለት ነው ሲል ጠየቀ። ሦስት ሐሙስ ቆሜ ግለ ሂስ አደረግሁ፤ በሦስተኛው ሐሙስ በበቅሎዋም ስም ይቅርታ ጠየቅሁ። ያም ሆኖ ከክፍል አውጥተው የጠመኔና የመጥረጊያ ግምጃ ቤት ጠባቂ አደረጉኝ። አሁን ጓድ ምትኩ አብሮኝ የሚሄደው በጉዞው ላይ ስላሳየሁት ጠባይ ሪፖርት ሊጽፍ ነው። ሪፖርቱ ካማረ በመስከረም ወደ ክፍሌ እመለሳለሁ።

በአሥራ አንድ ዓመት ያንሰኛል። አብዮቱ እኩል አድርጎናል ብሎ "አንቺ" ይለኛል። እኔም እኩልነቱን ተቀብዬ "አንተ" እለዋለሁ፤ ይኸኛው ግን ብዙም አልጣመውም።

ረፋድ 3 ሰዓት፣ አምባ ጊዮርጊስ

ከጎንደር እንደወጣን መንገዱ ዳገትና ጠመዝማዛ ነው። ጓድ ምትኩ የሳምንቱን የውይይት ጽሑፍ አውጥቶ ለጋሽ ደምሴ ያነብለት ጀመር። ሦስተኛው ገጽ ላይ ድምፁ ቀጠነ፤ አራተኛው ላይ ፊቱ እርድ መሰለ፤ አምስተኛውን ሳይገልጥ መኪናው ቆሞለት ወርዶ አንድ የገብስ ማሳ አቆሸሸ።

ጋሽ ደምሴ መንገድ መንገዱን የሚያይ ሰው አያቅለሸልሸውም አለ። እኔም የአስተማሪ አመል ሆኖብኝ ምክንያቱን ነገርኩት። ጆሯችን ውስጥ ፈሳሽ ያለባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ። መኪናው ሲዞር ፈሳሹ ወደኋላ ይቀርና ለአእምሮ "እየዞርን ነው" ብሎ ያመለክታል። ወረቀት ላይ የተተከለው ዓይን ደግሞ "ኧረ ዝም ብለን ተቀምጠናል" ይላል። አእምሮ የማይገጥሙ ሁለት ሪፖርቶች ሲደርሱት መርዝ የበላ ይመስለውና ሆድን ባዶ ያደርጋል።

ጓድ ምትኩ አፉን እየጠረገ ሲሰማ ኖሯል። "ትክክለኛው ሪፖርት የትኛው ነው?" አለኝ።

"የጆሮው።"

"ወረቀቱ ስህተት ነው እያልሽ ነው?"

"ጆሮ ወረቀት አያነብም" አልኩት።

ጋሽ ደምሴ ሳል ያዘው፤ ሳሉም እስከ ኬላው አለቀቀውም።

ኬላው ላይ አንድ ሰዓት ቆምን። ወታደሩ ከረጢቱን ልፍታው አለ፤ ማኅተሙን አሳየሁት፤ የይለፍ ወረቀታችንን ገልብጦም ዘቅዝቆም አየው። አምባ ጊዮርጊስ ጭቃና ብርድ ነው። የአህያ መንጋ፣ የእርጥብ ሱፍ ሽታ፣ በጆንያ ራሳቸውን የሸፈኑ ሴቶች። ቅቅል ድንች ከሚጥሚጣ ጋር አንዱ መደብ በስሙኒ ነው። ለሦስታችንም ገዛሁ። ጓድ ምትኩ ድንቹን ማየት ስላልቻለ የእሱንም እኔ በላሁለት።

ቀትር 6 ሰዓት፣ ዳባት

ወደ አስታ ሜዳ መኪና የሚሄደው እስከዚህ ነው፤ ጋሽ ደምሴ እዚሁ ይቀራል። የአስታ ሜዳ ትምህርት ቤት ኮሚቴ የላከው አያ ውበቱ ከጧት ጀምሮ ይጠብቀናል፤ ቀጭን፣ ጋቢውን እስከ አፍንጫው የተከናነበ ገበሬ። "ምነው ዘገያችሁ?" አለ፣ ሰላምታውን ከጨረሰ በኋላ። ለከረጢቱና ለእኔ ሸጊት የምትባል አመድማ በቅሎ አምጥቷል። አንድ ጆሮዋ ጫፉ የተቆረጠ ነው። መንገዱ አራት ሰዓት ያስኬዳል፤ ሸጊት በየሳምንቱ ለገበያ ትመላለስበታለች።

እዚህ ላይ ጓድ ምትኩ ኮምፓሱን አወጣ። ለሥልጠና ሄዶ የተሸለመው የሶቪየት ኮምፓስ ነው፤ ሆዱ ላይ አስጠግቶ ነው የሚያነበው። አስታ ሜዳ በካርታው ላይ ሰሜን ናት አለና የሸጊትን መሳቢያ ገመድ ከአያ ውበቱ እጅ ወሰደ። ጉዞ በመሪ ነው የሚሄደው ብሎ ባለቤቱን ወደ ኋላ አሳለፈው። አያ ውበቱ ጋቢውን አጥብቆ ከኋላ ተከተለ።

ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት፣ ስሙን የማላውቀው ቦታ

ጅብራ የሚባለው ረጅም የደጋ ተክል የበቀለበት ሜዳ ላይ ስንደርስ ከገደሉ በኩል ጉም ተነሣ። ኮርቻ ላይ ተቀምጬ የሸጊትን ጆሮ ማየት አቃተኝ። ጓድ ምትኩ ኮምፓሱን አየ። ሰሜን በቀኙ በኩል ሆነች። ወደ ቀኝ ታጠፈ። እንደገና አየ፤ አሁንም በቀኙ ናት። እንደገና ታጠፈ። "ሰሜን ዛሬ ትንሽ ዘንበል ብላለች" አለን።

አንድ ሰዓት ያህል እንደሄድን አያ ውበቱ ከኋላ ጠራኝ። "እመት፣ ይሄ የሸጊት ፋንድያ ነው።"

ጓድ ምትኩ፣ የሌላ በቅሎ ሊሆን ይችላል፣ ሽፍታ አልፎ ይሆናል አለ።

አያ ውበቱ ጎንበስ ብሎ መረመረው። "ሽፍታም ከሆነ የኔን ገብስ ነው ያበላት።"

እየዞርን መሆናችን እኔም አልታወቀኝም ነበር። ውሃ ያለበት እንስራ ብታዞሩ ውሃው መጀመሪያ ወደኋላ ይቀራል፤ ማዞሩን ከቀጠላችሁ ግን አብሮ ይዞራል። በጆሮ ውስጥ ያለውም ፈሳሽ እንዲሁ ነው። ዝግ ብሎ ለረጅም ጊዜ የሚዞር ሰው ቀጥ ብዬ እየሄድኩ ነው ይላል፤ ዓይኑ ካላረመው በቀር ተመልሶ እዚያው ፋንድያ ላይ ይመጣል።

የኮምፓሱን ነገር ግን አሁን ገባኝ። መርፌው የሚያየው ሰሜንን አይደለም፤ የጓድ ምትኩን ሽጉጥ ነው። ሰውየው በዞረ ቁጥር ሽጉጡም፣ ሰሜንም አብረው ይዞራሉ። ለአንድ ደቂቃ ያህል አጣጣምኩት። ከዚያ ከረጢቱ ትዝ አለኝ።

"ሽጉጥህን ፈትተህ ራቅ አድርገህ አስቀምጥና ኮምፓሱን እየው" አልኩት። "መርፌውን የሚስበው ብረቱ ነው።"

"መሣሪያዬን? እዚህ? ይህን ማን ነው ያስተማረሽ?"

ከረጢቱን ወደ ደረቴ አስጠጋሁ። እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚከፋው ሲመልሱለት ነው።

መሳቢያውን ጎተተ። ሸጊት አራት እግሯን ተክላ ቆመች። ቢጎትት፣ ቢቆጣ ንቅንቅ አላለችም። በመጨረሻ አድኃሪ ብሎ ሰደባት። አያ ውበቱ ወደፊት መጣና ድንጋይ አንሥቶ ከጓድ ምትኩ ሁለት እርምጃ ፊት ለፊት ጣለው። አዳመጥን። ድምፁ ለመምጣት ብዙ ቆየ፤ የመጣውም ከሩቅ፣ ከታች ነው።

ጓድ ምትኩ ባለበት ተቀመጠ።

"በኛ አገር በጉም ቀን በቅሎን ሰው አይመራትም" አለ አያ ውበቱ። "ልጓሟን ኮርቻው ላይ አስረን ጭራዋን ነው የምንይዝ።"

ምነው እስካሁን ሳትነግረን ብዬ ጠየቅሁት።

"ጓዱ እመራለሁ ሲሉ እኔ የማላውቀው መንገድ ያለ መስሎኝ።"

ልጓሙን ኮርቻው ላይ አሰርነው። አያ ውበቱ እርካቤን ያዘ። ጓድ ምትኩ ጭራዋን ያዘ፤ እንዳይጎትት፣ ከጎተተ እንደምትራገጥ ተነገረው። ሸጊት ራሷን አንድ ጊዜ ወዲያ፣ አንድ ጊዜ ወዲህ አደረገችና መንገድ ጀመረች። ጆሮዋ መታጠፊያውን፣ ጆሮዋ ውስጥ ያሉት አሸዋ የመሰሉ ጠጠሮች ዳገቱንና ቁልቁለቱን፣ ኮቴዋ ድንጋዩን፣ አፍንጫዋ ነፋሱን ያመለክታሉ፤ አእምሮዋ ሁሉንም ይደምራል። በኋላ ዘመን እንዳነበብኩት፣ በአይጥ አእምሮ ውስጥ ጭንቅላቷ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲያይ ብቻ የሚነቁ ሕዋሳት ተገኝተዋል። የበቅሎን ጭንቅላት የከፈተ ሰው መኖሩን አልሰማሁም፤ ያን ቀን ግን ክበቡ ሁሉ እዚያ ተሰብስቦ ስለ በቅሎ ቢወያይ ደስ ባለኝ።

ገብስ የበላች በቅሎ ዳገት ስትወጣ ምን እንደምታደርግ የሚያውቅ ያውቃል። ጓድ ምትኩ ጭራዋን አለቀቀም።

ምሽት 12 ሰዓት፣ አስታ ሜዳ

መጀመሪያ የውሻ ጩኸት፣ ቀጥሎ የኩበት ጭስ መጣ። ሸጊት ትምህርት ቤቱን አልፋ በአያ ውበቱ ግቢ ገባችና አፏን ገብስ ውስጥ ከተተች። እኔ ገና ከላይ ነበርኩ። ጓድ ምትኩም ገና ጭራዋን እንደያዘ ነበር፤ የአያ ውበቱ ሚስት ወጥታ እስክታየው ድረስ።

ረቡዕ፣ ጧት 2 ሰዓት

ማኅተሙን ልጆቹ ፊት ቆረጥኩት። ሠላሳ ስምንቱም ተገኝተዋል። ከሁለት ሰዓት አንድ ደቂቃ አላለፈም።

ልጆቹ ሲጽፉ ጓድ ምትኩም ከኋላ ተቀምጦ ይጽፋል። በዕረፍት እኔንና አያ ውበቱን ወደ ውጭ ጠርቶ አነበበልን። በድንገተኛ ጉም ወቅት ጓድ ምትኩ በትክክለኛ አመራር የጉዞውን አባላትና የመንግሥትን ንብረት ከገደል አፋፍ አድነዋል ይላል። ከሥሩ ለሁለት ምስክር ቦታ ተትቷል።

"ፈርሚ" አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ሳያየኝ። "በመስከረም ክፍልሽ ትገቢያለሽ።"

አያ ውበቱ እንደገና እንዲያነብለት ጠየቀ። ደግሞ ተነበበለት። "በቅሎዋ የታለች?" አለ።

"በቅሎ ሪፖርት ውስጥ አትገባም።"

"እንግዲያ የኔም ጣት አይገባም" አለና እጁን ጋቢው ውስጥ ከትቶ ሸጊትን ውሃ ሊያጠጣ ሄደ።

ምን እንደሚያመጣበት አያውቅም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። በደንብ ያውቅ ነበር።

እኔ ፈረምኩ። በጥሩ የእጅ ጽሑፍ፣ ከነአባቴ ስም። በመስከረም ክፍሌ ገባሁ፤ ጡረታ እስክወጣም ስለ ጆሮ አስተማርኩ፤ ስለ በቅሎ ግን አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ጓድ ምትኩ ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም። ይህን የሚያነብ ከሆነ፣ ፊርማዬን አንሥቻለሁ።