በሱ ፈንታ የመለስኩት

ባሌን ሰፈሩ የሚያውቀው «ሜትሮ» በሚል ቅጽል ስም ነው። መለኪያው ከአንገቱ አይወርድም፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሱሪ ሲሰፋ ኖሯል፤ ቁልፍ የምተክለው እኔ ነኝ። የደንበኛ ሆድ ቢገፋ «ወፍረሃል» አይልም። «ጨርቁ ሲታጠብ ተሰብስቦ ነው» ብሎ ወገቡን ያሰፋለታል። ይሉኝታ ሰው ሆኖ ቢፈጠር እሱን ይመስል ነበር። እኔም ከሱ አልሻልም። ይህን ሁሉ ዓመት አንድ አልጋ ላይ ስንተኛ፣ ስለ ሆዳችን ጉዳይ አንድ ቀን አውርተን አናውቅም።

ከሦስት ዓመት በፊት ሐኪም የሐሞት ጠጠር እንዳለበት ነግሮት ነበር። «የተማሪዎቹን ዩኒፎርም ላድርስና» አለ። አንዱ ዩኒፎርም ሲያልቅ ሌላው መጣ፣ ጠጠሩም ተረሳ።

ሰኞ ጠዋት ሆዱን ይቆርጠው፣ ይተወው፣ መልሶ ይቆርጠው ጀመር። አስመለሰው። ማክሰኞ ሆዱ ገፋ ብሎ ሳየው «አንተ ሰውዬ፣ በስተርጅና ቦርጭ አበቀልክ እንዴ?» ብዬ ሳቅኩበት። እሱም አብሮኝ ሳቀ።

ረቡዕ ክሊኒክ ልንሄድ ስንል የልጃችን አማት ልትጠይቀው መጣችና አብራን ሄደች። ልጃችንን ከዳርን ገና ወር አልሞላንም፤ ሴትየዋ ደግሞ ነጠላዋ ብቻ ሳይሆን ንግግሯም የተተኮሰ ነው። ምርመራ ክፍል ድረስ ገባች፤ ውጭ ጠብቂ ማለት አቃተኝ።

«አባባ፣ አየር ይወጣልዎታል? ሰገራስ?» አለች ወጣቷ ሐኪም።

ባሌ መሬት መሬቱን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። አፉን ሊከፍት ሲል፣ በልጃችን አማት ፊት ምን ሊናገር ነው ብዬ ደነገጥኩ።

«አዎ፣ ጠዋት ወጥቶለታል» አልኩ በሱ ፈንታ።

የማውቀው ነገር አልነበረም። እሱም አንገቱ ላይ ያለውን መለኪያ አስተካከለ። ሐኪሟ የጨጓራ መድኃኒት ጻፈችና፣ ከባሰበት ቶሎ እንድንመለስ ነግራ ሸኘችን።

አርብ ጠዋት ትውከቱ ሽታው የሰገራ ሆነ። ልብሱን ልቀይርለት ሱሪውን ሳወልቅ ወገቡ ላይ የጠመኔ ምልክት አየሁ። ሦስት መስመር ነው፤ አንዱ ከአንዱ ፈቀቅ እያለ። ከሰኞ ወዲህ ሦስት ጊዜ፣ ከኔ ተደብቆ፣ ሱሪውን በእጁ አስፍቷል።

«ምንም አልወጣም፤ አየርም» አለኝ።

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«አንቺ ወጥቷል ካልሽ በኋላማ እንዴት ላሳፍርሽ?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ታክሲ አስጠርቼ ክሊኒክ ወሰድኩት። ሱሪውን ሐኪሟ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁና «ዋሽቼሻለሁ ልጄ» አልኳት። መስመሮቹን አየች፤ አልተቆጣችኝም፤ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ላከችን። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«ትልቅ ጠጠር ነው» አለኝ ቀዶ ሐኪሙ ፊልሙን አይቶ። «የሐሞት ከረጢቱን በስቶ አንጀት ውስጥ ገብቷል። ትንሹ አንጀት መጨረሻ ላይ ሲደርስ ማለፍ አቅቶት ወትፎታል፤ አየር እንኳ አያሳልፍም። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነገር አይደለም። ሁለት ቀን ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ጥሩ ነበር፤ አሁን ያሰጋል።»

ሁለት ቀን ቀደም ብለንማ መጥተን ነበር። ይህን ለቀዶ ሐኪሙ ልነግረው አቃተኝ።

በዚያው ቀን ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ተረፈ። ጠጠሩን በብልቃጥ ሲያሳዩት መለኪያውን አምጪ ብሎ ለካው፤ ሦስት ሴንቲ ተኩል። በአራተኛው ቀን ቀዶ ሐኪሙ መጥቶ የክፍሉ በሽተኞች፣ አስታማሚዎች፣ የልጃችን አማትም ባሉበት «አየር ወጣ?» ብሎ ጠየቀው።

ባሌ እኔን አየኝ። መልሱን ከኔ እየጠበቀ ነበር።

«እኔን አትየኝ» አልኩት። «ራስህ ተናገር።»

«ወጥቷል» አለ ላብ እያጠመቀው። «ሁለቴ።»

«ተመስገን!» አለች የልጃችን አማት እጇን አጨብጭባ። «ታዲያ ይሄ ምን ያሳፍራል? የኔው ባል ሲያወጣ እንኳን እኛ ጎረቤትም ይሰማል!»

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ ባሌም ስፌቱን ደግፎ ሳቀ። እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ባሌን ልቀብረው የነበረው ለዚህች ሴት ብዬ ነው።