ጌጤና የጋሼ ደምሌ ሰፊ ጎማ

ወገዳ ላይ ሳይክሉ የጎበጠበት ሁሉ የሚሄደው ጌጤ ዘንድ ነው። ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል አለቻት። ዕድሜዋ አርባ ስድስት ነው፤ ከዚህ ውስጥ ሃያ ሁለቱን ዓመት ያሳለፈችው ቸርኬ ስታቃና ነው። ሞተር ሳይክል ግን ነክታ አታውቅም ነበር። ሞተር የአዱኛ ነው። የአዱኛ ጋራዥ ከመንገዱ ማዶ፣ ፊት ለፊቷ ነው፤ አዱኛም እጁ ቢያርፍ አፉ የማያርፍ ሰው ነው።

«እትዬ ጌጤ! ዛሬስ ስንት መጫወቻ ጠገንሽ?» ይላታል ጠዋት ጠዋት።

«አፍ የሚያቃና ቁልፍ አጥቼ ነው እንጂ ካንተ ነበር የምጀምር!»

ሰላምታቸው ይኸው ነው።

የተወለደችው ጋይንት፣ ድጓ በሚመሰከርባት በቤተ ልሔም ደብር አጠገብ ነው። የአባቷን ቤት ከድጓ ተማሪዎቹ ጎጆ የሚለየው አንድ አጥር ብቻ ስለነበር ዜማ ስትሰማ ነጋ፣ ዜማ ስትሰማ መሸ። ሴት ልጅ ከተማሪው መሀል ገብታ አትቀመጥም፤ ጆሮዋን ግን ማን ይከለክላል? ከዚያ ሁሉ ተማሪ አንዱ ከዜማው ሲያፈነግጥ፣ የኔታ ተክለ ማርያም ገና ሳይቆጡ፣ እሷ ከአጥሩ ወዲህ ምስር እየለቀመች «ወጣ!» ትል ነበር። ያ ጆሮ ኋላ መተዳደሪያዋ ሆነ። አግብታ ወገዳ ስትመጣ ባሏ ሙሉቀን ሳይክል ያከራይ ነበር። ከመሀሉ እምብርት እስከ ቸርኬው የተዘረጉትን ቀጫጭን ዘንጎች፣ ራጂዎቹን ማለት ነው፣ በቁልፉ ጫፍ መታ መታ እያደረገች ማዳመጥ ጀመረች። የላላው ድምፁ ይወፍራል፣ የከረረው ይቀጥናል። እኩል ሲያዜሙ ጎማው ቀና ማለት ነው። ሌላ መለኪያ የላትም፤ አስፈልጓትም አያውቅም።

ታዲያ ባለፈው ግንቦት፣ አንድ ማክሰኞ፣ ጋሼ ደምሌ ሞተራቸውን እየገፉ መጡ። ጡረታ የወጡ የከብት ሐኪም ናቸው። ጡረታ ወጡ ይባል እንጂ ላሙ መውለድ ያቃታት ገበሬ ሁሉ ዛሬም የሚደውለው ለሳቸው ነው። ሞተራቸው ከወገዳ ጎረምሳ ግማሹን በዕድሜ ይበልጣል፤ ሲነሣ ግን በአንድ ርግጫ ነው። ችግሩ ጎማው ነው። እንዲያ ያለ ቀጭን ጎማ ገበያ መምጣት ካቆመ ዓመታት አልፈዋል፤ የኋላው ተበልቶ ተበልቶ ፈንድቷል።

«አዱኛ ምን አለዎ?» አለች ጌጤ።

«ሙዚየም ካልሆነ አይገኝም አለኝ። ልጄ ዮርዳኖስም ከመካነ ኢየሱስ ከተማ ደውላ፣ ለብረት የሚገዛ ሰው አግኝቻለሁ አለች። ቅዳሜ መኪና ይዞ ይመጣል። እኔ ደግሞ በዚህ ጉልበቴ፣ በእግሬ ሄጄ የምደርስላት ላም የለችም» አሉ።

ጌጤ ሞተሩን ዞረችው። ጎማውን ግራና ቀኝ የያዙትን ሁለት ክንዶች በስንዝሯ ለካች።

«ጋሼ፣ ቀጭኑ ቢጠፋ ሰፊው ሞልቷል። እምብርቱ የራስዎ ይሁን፤ ሰፊ ቸርኬ ከአዲሶቹ ሞተሮች እናምጣ፤ ራጂውን እኔ በልኩ እቆርጠዋለሁ። ቅዳሜ ይነዱታል።»

ካፏ ከወጣ በኋላ ራሷም ደነገጠች። አዱኛ ከማዶ ሰምቷል።

«ሰማችሁ! እትዬ ጌጤ ለሽማግሌው የጎረምሳ ጫማ ልታደርግለት ነው!»

በቃ፣ ወገዳ ሰማ።

ረቡዕ አሮጌውን ጎማ ፈታች። ቸርኬው ከእምብርቱ መሀል የጣት ውፍረት ያህል ወደ ቀኝ ጎን ፈቀቅ ብሏል። አልገረማትም። ወገዳ ባለችበት በስማዳ ወረዳ የተጣመመ ነገር ሲገኝ ጥፋተኛው አስቀድሞ የታወቀ ነው። የአውቶቡሱ በር አልዘጋ ቢል መንገዱ ነው፤ የሙሽራ ሣጥን ቢሰነጠቅ መንገዱ ነው፤ የሾፌር ወገብ ቢጎብጥም መንገዱ ነው። «ይሄ መንገድ እንዴት አድርጎ ገፍቶሃል!» አለችው ቸርኬውን፣ አዝና። ያስመጣችውን ሰፊ ቸርኬ ግን ከእምብርቱ መሀል ለመሀል አስቀመጠችው። ሠላሳ ስድስት ራጂ በአንድ ልክ ቆረጠች፣ ጫፍ ጫፋቸው ላይ የማጥበቂያ ጥርስ አወጣች፣ አጠላልፋ ሰካቻቸው፣ አከረረቻቸው።

ዓርብ ከሰዓት በሁለት እጇ ይዛ አሽከረከረችው። ወዲህም ወዲያም ሳይል ዞረ። ሰው ተሰበሰበ፣ ጎማው ሞተሩ ላይ ገባ፣ ጋሼ ደምሌ ወጡበትና ገፋ አደረጉት።

ሽርክት። ሽርክት። ሽርክት።

ሰፊው ጎማ በግራ በኩል፣ ከሞተሩ መጥቶ የሚያዞረውን ካቴና ይታከካል። አንድ ዙር እንኳ ሳይሞላ ጎኑ ተላጠ።

«ጫማው ጠበበ!» ብሎ አዱኛ ሲስቅ ሰውም ሳቀ። ቀጥሎ ግን መንገዱን ተሻግሮ መጣ። «ቀልዱን ተይው። ክንዱን በዲጂኖ ገፋ እናድርገው፤ ትንሽ ነው የቀረው።»

«ክንዱ ምን አጠፋ? ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«ተይው ልጄ፣ ሞክረሻል» አሏት ጋሼ ደምሌ። ከሳቁ ሁሉ ይልቅ ያቺ «ተይው» ናት ውስጧ የገባች።

ቅዳሜ ማለዳ አሮጌዎቹን ራጂዎች ካጠራቀመችበት ጣሳ ዘርግፋ፣ አንድ በአንድ ጎን ለጎን ደረደረቻቸው። ዐሥራ ስምንቱ ረዘም ያሉ፣ ዐሥራ ስምንቱ አጠር ያሉ ናቸው። ረጃጅሞቹ እርስ በርሳቸው እኩል፤ አጫጭሮቹም እርስ በርሳቸው እኩል። ዘጭ ብላ ተቀመጠችና ሳቋ መጣ።

«ምን ሆንሽ?» አለ ሙሉቀን ከጓዳ።

«ዐሥራ ስምንቱን እኩል አድርጎ የሚያሳጥር መንገድ የት አለ? መንገድ ቢሆን አንዱን ይጎትት፣ ሌላውን ይሰብር ነበር! የሠራው ሰው ነው እኮ ሆን ብሎ ከካቴናው ያሸሸው! ሙሌ፣ ይህን ሁሉ ዓመት መንገዱን ያለ ጥፋቱ ነው የከሰስነው!»

ሙሉቀን ምንም አልገባውም፤ እሷ ግን ጎማውን እያንከባለለች ደጅ ወጥታ ነበር። ሠላሳ ስድስቱንም አላላች። የቀኙን ዐሥራ ስምንት አውጥታ አሳጠረች፣ ጥርሳቸውን እንደገና አወጣች፣ መልሳ ሰካች። ቸርኬው የጣት ውፍረት ያህል ወደ ቀኝ ሄደላት።

አምስት ሰዓት ላይ ከጋሼ ደምሌ ጋር ብረት ገዢው መጣ። መኪናውን ደጇ አቁሞ፣ «እናቴ፣ ቶሎ በይ እንጂ!» አላት።

«ተቀመጥ። ገና አላዜመም።»

የቅዳሜ ገበያው ጫጫታ ራጂዎቹን አላሰማ ብሏት ቀና አለች። «አዱኛ! አፍህን!»

የሚገርመው፣ አዱኛ ዝም አለ። ዝም ማለት ብቻ አይደለም፤ ጋራዡ ውስጥ የሚንጣጣውን ሞተር አጥፍቶ፣ «ዝም በሉ፣ ትስማበት!» እያለ ሰውን ይቆጣ ጀመር። ጌጤ መታች፣ አዳመጠች፣ አከረረች። የግራውና የቀኙ ድምፅ አልገጥም ሲላት መጀመሪያ ፈራች። ኋላ የቤተ ልሔም ማኅሌት ትዝ አላት። እዚያም እኮ ግራና ቀኝ አለ፤ ሁለቱ ወገን አንድ ድምፅ አያወጡም፣ ይቀባበላሉ እንጂ። የግራውን ከግራው፣ የቀኙን ከቀኙ አስማማች። ከሠላሳ ስድስቱ የሚያፈነግጥ ሲጠፋ ቁልፉን አስቀመጠች።

ጎማው ገባ። በጎማውና በካቴናው መሀል አንድ ጣት ታልፋለች። ጋሼ ደምሌ ሞተሩን በአንድ ርግጫ አስነሡና አዩአት።

«ታምኚዋለሽ?»

«አምነዋለሁ።»

«እንግዲያ ውጪ ከኋላዬ።»

ሃያ ሁለት ዓመት ጎማ ስታቃና የኖረች ሴት ሞተር ላይ ወጥታ አታውቅም። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጠበቀችና ወጣች። ማታ የጣለው ዝናብ መንገዱን አጨቅይቶት ነበር፤ ሰፊው ጎማ ጭቃውን ረግጦ ያዘና ቀጥ ብሎ ሄደ። ባለ ገብሱ፣ ባለ ባቄላው፣ በግ ጎታቹ ሁሉ እየቆመ ያያል።

«እኔስ ምን ልጫን?» አለ ገዢው፣ ባዶ መኪናው አጠገብ ቆሞ።

«ገብስ ጫን!» አለው አዱኛ። ወዲያው ወደ ሞተሩ ሮጠና፣ «እትዬ ጌጤ! ያዢ! ጋሼን ያዢ፣ ትወድቂያለሽ!» እያለ ጮኸ።

ጌጤ ሁለቱንም እጆቿን ወደ ላይ አነሣች።

«ምን አስያዘኝ! የተቀመጥኩት እኮ በገዛ ሥራዬ ላይ ነው!»