የማርያም መብራትና ቀጭኑ ሽቦ

ጎንደር ውስጥ ጣሊያን ጥሏት የሄደ አንዲት አሮጌ የጭነት ማኪና ነበረችኝ። ሞተሯን የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያ አንድ ቀን ክንፉ ተሰባብሮ ወደቀ፤ መለዋወጫው አስመራ ድረስ ተፈልጎ ጠፋ። እኔ ደግሞ ያን ጊዜ ሰው የሠራውን ሁሉ እኔም እሠራዋለሁ የምል ጉረኛ ነበርሁ። ከአንድ የተጣለ የጦር ማኪና ላይ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ነቀልሁ፤ ከቆርቆሮ ክንፍ ቆርጬ ገጠምሁለት፤ ከራዲያተሩ ኋላ አሰርሁትና በባትሪ እንዲዞር አደረግሁት። አዘዞ ደርሼ ተመለስሁ። ሠራ።

ከመሪው ፊት እናቴ የሰቀለችው የእመቤታችን ሥዕል ነበር። ለሥዕሉ ትንሽ አምፖል አበጀሁና ከማራገቢያው ጋር በአንድ ማብሪያ አያያዝሁት። መብራቱ ከበራ ማራገቢያውም ይዞራል ማለት ነው ብዬ በብልሃቴ ኮራሁ። ሽቦው ግን አነሰኝ። ያለኝ ማራገቢያውን ያዞርሁበት አንድ አዲስ ወፍራም ሽቦና ከአሮጌ ስልክ የተረፈ ቀጭን ሽቦ ነበር። ቀጭኑን ወደ ሥዕሉ ስዘረጋ እናቴ አየችኝ።

«ምነው ልጄ፣ ለማርያም ውራጅ ይሰጣል?» አለችኝ።

አፈርሁ። በእኛ ቤት ለስለት የሚሰጠው በግ እንኳ ከመንጋው ሸጋው ተመርጦ ነው። ወፍራሙን ለአምፖሏ፣ ቀጭኑን ለማራገቢያው አደረግሁ። ቀጭን ሽቦ ብዙ ኃይል ሲያልፍበት እንደሚግል አውቅ ነበር። ሳላውቅ ያደረግሁት ቢሆን ኖሮ ይህን ዛሬ አልጽፈውም።

ታላቅ እህቴ አዲ አርቃይ ነበር ያገባችው። የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ስትደርስ እናቴን ይዤ ወረድሁ። እስከ ደባርቅ በሌሊት ብርድ ነዳሁ፤ ከዚያ ወዲያ ቁልቁለት ስለሆነ ሞተሩ አልሞቀም፤ ማብሪያውንም አልነካሁት። እህቴ ሁለት ቀን አማጠች። በሦስተኛው ቀን ጠዋት አዋላጇ ላቧን ጠርጋ፣ «ይህ ከእኔ አቅም በላይ ነው፤ ጎንደር ሐኪም ቤት አድርሷት» አለች። ባሏ ለሥራ ሁመራ ወርዶ ነበር። ከአጠገቤ አስቀመጥናት፤ እናቴ ከወዲያ በኩል ደገፈቻት።

የሊማሊሞን ዳገት ስንጀምር ማብሪያውን ከፈትሁ። አምፖሉ በራ። እናቴ «ማርያም፣ ማርያም» ትላለች፤ እህቴ ክንዴን ጨብጣ ታቃስታለች፤ በመስኮቴ በኩል ገደሉ አፉን ከፍቷል። ያን መንገድ ስንት ጊዜ ወጥቼዋለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ፈርቼው አላውቅም። ግማሽ ዳገት ሳንደርስ የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ። እግሬን ከነዳጁ ላይ አነሳሁ።

«መብራቷ አለች እኮ፤ ንዳ» አለች እናቴ።

አየሁት፤ ይበራል። ነዳሁ። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ እንዲሉ፣ ሦስት ጠመዝማዛ እንዳለፍን ከፊታችን እንፋሎት ተነሣና መንገዱ ጠፋኝ። ከገደሉ አፋፍ ክንድ ሲቀረን ቆምሁ።

ኮፈኑን ስከፍተው ማራገቢያው ቀጥ ብሏል። ቀጭኑ ሽቦ ቀልጦ ተበጥሷል። አምፖሉ ግን የራሱ ወፍራም ሽቦ ስላለው ምንም አልሆነም፤ እንደበራ ነው። ሞተሩ ሳይበርድ ውኃ ቢጨመርበት ይሰነጠቃል። ቁልቁል ወርጄ ከምንጭ ውኃ ቀዳሁና ተቀምጬ ጠበቅሁ። ከኋላዬ እህቴ ትጮኻለች። ሁለት ሰዓት ያህል ቆየን።

ከዚያ ውኃውን ጨመርሁና ጉጠቴን ይዤ ወደ ሥዕሉ ዞርሁ። እናቴ አምፖሉን በእጇ ከለለችው።

«ምጥ ላይ እያለች የማርያምን መብራት ታጠፋለህ?»

«ሌላ ሽቦ የለኝም እማ።»

እጇን አላነሣችም። እኔም እጇን መግፋት ፈራሁ። በመጨረሻ እህቴ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ «ያጥፋው እማ። ያጥፋውና እንሂድ» አለች።

ወፍራሙን ሽቦ ነቅዬ ለማራገቢያው ሰጠሁት። ዞረ። ከዚያ በኋላ በየጠመዝማዛው እየቆምሁ፣ ኮፈን ከፍቼ ነፋሱን በእጄ እየዳበስሁ ወጣሁ። ደባርቅን ስናልፍ እህቴ መጮኋን ተወች። ከጩኸቷ ይልቅ ዝምታዋ ባሰኝ፤ ዞሬ ላያት አልደፈርሁም።

ጎንደር ስንደርስ መሽቶ ነበር። እሷ ተረፈች። ልጁ ወንድ ነበር፤ ሞቶ ተወለደ። ሐኪሙ በረንዳ ላይ ለብቻዬ ጠርቶኝ፣ «ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ ብትደርሱ ኖሮ ይተርፍ ነበር» አለኝ። ይህን ለማንም አልተናገርሁም።

እናቴ ክፉ ሰው አልነበረችም። ግን ሊያጽናና ለመጣው ሁሉ «መብራቷን አጥፍተንባት ነው» ትል ነበር። ይህን ባለች ቁጥር እህቴ አንገቷን ትደፋለች፤ አጥፋው ያለች እሷ ናትና። እኔ እዚያው ተቀምጬ እሰማለሁ። ሽቦው ነው እንዳልል እናቴን ፈራሁ፤ ከእሷ የበለጠ ደግሞ እህቴን ፈራሁ።

ከዓመት በኋላ አዲ አርቃይ ልጠይቃት ሄጄ ብቻችንን ሆንን። ማኪናዋ ደጅ ቆማለች፤ ማራገቢያዋ አሁንም በዚያው በወፍራሙ ሽቦ ይዞራል። እህቴ ማኪናዋን አየት አድርጋ፣ «እውነት መብራቱን ስላጠፋን ይመስልሃል?» አለችኝ።

«እኔ እንጃ» አልኋት።

ከዚያ ወዲያ ጠይቃኝ አታውቅም።