ጋሽ መኮንን የተገመገሙ ዕለት

ልጅ ሆኜ ጉራዬ አይጣል ነበር። በለንደን፣ በሆሎዌይ ሰፈር የሐበሻ ልጆች ቡድን ውስጥ ብቸኛዋ ሴት ነበርኩ፤ ያውም አማካይ። ኳሱ ሁሉ በእኔ እግር ነበር የሚያልፈው። እኔ ከቀናኝ ቡድኑ ይቀናዋል። በዚያ ላይ አባቴ የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበር። ስናሸንፍ ድሉ የእኔ፣ ስንሸነፍ ጥፋቱ የአሰልጣኙ እንደሆነ ማንም ሳይነግረኝ አውቄዋለሁ።

አሰልጣኛችን ጋሽ መኮንን ነበሩ። በሥራ ቀን አውቶቡስ ይነዳሉ፣ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ የእኛ ናቸው። የእርጥብ ሣር ሽታ በሸተተኝ ቁጥር ዛሬም ትዝ የሚሉኝ እሳቸው ናቸው፤ ብርድ ጣቴን ሲያደነዝዘው በርከክ ብለው ጫማዬን ያስሩልኝ ነበር። ምክራቸውም ያው አንድ ነበር። "ኳሷን አትያዣት፣ የኔ ልጅ። አንዴ ነክተሽ ለክንፍ ስጪ።" ስንት ቅዳሜ ይህንኑ አሠሩን።

ከሃክኒ ልጆች ጋር ለዋንጫ ደረስን። አንድ ለአንድ ሆነን ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ኳሷ እኔ ጋ መጣች። በክንፍ በኩል ዮናስ ብቻውን ቆሞ "ፓስ አድርጊ! ፓስ!" እያለ ይጮሃል። አባቴ ግን ዳር ቆሞ ቪዲዮ እየቀረጸኝ ነበር። አንዱን አለፍኩ፣ ሁለተኛውን አለፍኩ፣ ሦስተኛው ነጠቀኝ። በሁለት ቅብብል ጎል ገባብን።

በሳምንቱ ወላጆች በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ግምገማ ጠሩ። እንግዲህ ግማሾቹ አገር ቤት በግምገማ ሰው ፊት ተዋርደው፣ ከሥራ ተባረው የተሰደዱ ናቸው። ያንኑ ነገር ለልጆች ኳስ ብለው ለንደን ላይ ደገሙት፤ አጀንዳው፣ ቃለ ጉባኤው፣ ምኑም አልቀረም። እኛን ልጆቹን ከኋላ አስቀመጡን። "ታክቲክ የላቸውም" አለ አንዱ። "ሪዛይን ያድርጉ" አለች ሌላዋ። አባቴ "ልጄን የመሰለ ተጫዋች ይዞ መሸነፍ የአሰልጣኝ ድክመት ነው" ሲል ተጨበጨበለት። ከዚያ ጋሽ መኮንንን ግለ ሂስ ያድርጉ አሏቸው።

ኮፍያቸውን አውልቀው ተነሱ። ዮናስ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ፤ እኔ ወለሉን አየሁ። እሳቸው ወደ እኛ ዘወር እንኳ ሳይሉ "ልጆቹ የሠሩት ያልኳቸውን ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው" አሉ። እጅ ወጣ፣ ተሰናበቱ። የአባቴም እጅ ወጥቶ ነበር። ቡድኑ ከዚያ በኋላ ሁለት ወር አልቆየም።

ዛሬ የሰፈራችን ልጆች ሰርተፊኬት ያለው አሰልጣኝ አላቸው፤ ሲሸነፉ ቪዲዮው ይታያል፣ ማን ምን እንዳጠፋ ይነገራል። ስቀናባቸው ያመኛል። የእኛ ቪዲዮ አባቴ ጋ ነበር፤ ማንም አላየውም።

ጋሽ መኮንን ባለፈው ክረምት አረፉ። ለቅሶ ቤት ሻይ ሳዞር አባቴ ከባለቤታቸው አጠገብ ተቀምጦ ለሰው ሁሉ ሲያወራ ሰማሁት። "ደግ ሰው ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማር። ኳስ ላይ ግን አልሆነላቸውም። ይቺን ልጅ ይዘው ዋንጫ አጡ።" ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ባለቤታቸውም ቀና ብለው አዩኝ። ልጅ ነበርኩ እንዳልል ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ሻዩን ቀድቼላቸው አለፍኩ።